የድሩይዷ ቀሚስ

«እኔ ጥሩዓለም አፌን ባልከፍት ኖሮ፣ ድሩይድ የሚባለው ነገር እስከ ዛሬ የሰው አገር ሽማግሌ እንደሆነ ይቀር ነበር! ስሙኝ ብያለሁ፣ ዓለሙን ሁሉ የማጫውተው እኔ ነኝ!»

ጥሩዓለም ይህን የተናገረችው ቦኖ ተራ ላይ፣ እንስራዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ እጇን ወገቧ ላይ ጭና ነው። የጠየቃት ሰው አልነበረም። ግራር ሜዳ ላይ ሰው ሰውን መጠየቅ ከተወ ቆይቷል፤ የእያንዳንዱ ነገር ከአናቱ በላይ ተጽፎ ይታያል። መነጽር ያጠለቀ ሁሉ ያነበዋል። ያላጠለቀ ደግሞ የለም፤ መነጽር ለሌለው የዳቦ ቤቱ በር አይከፈትም፣ የቦኖው ቧንቧም ጠብ አይልም።

በዚህ ከተማ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ቀበሌ ይወሰድና መደብ ይይዛል። ጦረኛ፣ ቀስተኛ፣ ሐኪም፣ አስማተኛ። «ዱር ዓለም» የሚባለው ጨዋታ ድሮ ሰው ሥራ ሲፈታ የሚጫወተው ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች። አሁን ሥራውም፣ ወረፋውም፣ ሰላምታውም እሱ ነው። ቦኖ ላይ ጦረኛ ቀድሞ ይቀዳል፣ ቀስተኛ ይከተላል፣ ሐኪምና አስማተኛ መሀል ላይ ይጋፋሉ። ከሁሉ በታች፣ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር የሚደርሰው፣ ቀራሚ የሚባለው መደብ ነው።

ጥሩዓለም ቀራሚ ነበረች። ትምህርቷን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች፣ አፏን ግን የትም ያላቆመች ልጅ ናት።

የቀራሚ ሥራ ለጆሮው ማውራት ነው። ጆሮው በወረዳው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተገጥሟል፤ ሰፌድ ያክላል፣ ቀለሙ የደረቀ ቅጠል ይመስላል። ቀራሚው ፊት ለፊቱ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ የአገሩን ወሬ ይነግረዋል። ተረት፣ ስድብ፣ የለቅሶ ግጥም፣ የዛፍ ስም፣ ምንም ይሁን። ጆሮው ከጣመው «ቀጥይ» ይላል። ካልጣመው ዝም ይላል፤ ዝም የተባለ ቀራሚ ደግሞ እንስራውን ባዶውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ጥሩዓለምን ክረምቱን ሙሉ ዝም ብሏታል። የቀበሮና የዶሮ ነገር ብትነግረው ዝም። የሰፈሯን ሴቶች ጠብ አጋንና ብትነግረው ዝም። አንድ ቀን ተናዳ «ደንቆሮ!» ብትለው «ቀጥይ» አላት፤ ከዚያ የሚቀጥል ስድብ አጣችና ተመለሰች።

የጆሮው ጠባቂ ጋሽ መርሻ ነው። ጡረታ የወጣ ቀስተኛ ነው፤ ትከሻው ላይ እስካሁን ሰማያዊ ብርሃን አለበት፣ ግማሹ የጠፋ። አንድ ጠዋት በር ላይ ጠበቃትና፣

«ጥሩ፣ ድሩይድን ታውቂዋለሽ?» አላት።

«ያንን ነጭ ቀሚስ ለብሶ ማጭድ የያዘውን? ዛፍ አቅፎ የሚውለውን? ማን ይመርጠዋል ጋሼ!»

«እሱ ነው እኮ ጣጣው። በኛ በኩል አንድ ሰው እንኳ አልመረጠውም። ከላይ ‹አገርኛ አድርጉት› የሚል መጥቷል።»

«ለመሆኑ ከየት ነው የመጣው?»

ጋሽ መርሻ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ከተጠየቀ ማውራት ይወዳል፤ ችግሩ የሚጠይቀው ማጣቱ ነው።

«ድሮ ድሮ ኬልት የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ፣ እዚያ ፈረንጅ አገር። ድሩይድ የነሱ አዋቂ ነው። ይዳኛል፣ ያስታርቃል፣ ለአማልክታቸው ይሠዋል። ትምህርቱን በቃሉ ነው የሚይዘው። ስለ ራሳቸው የጻፉት የለም። የጻፉላቸው የወረሯቸው ሰዎች ናቸው።»

«ጠላት?»

«ጠላት። ሰው በቅርጫት አጉረው ያቃጥላሉ ምናምን አለባቸው። ይሁን አይሁን ማን ያውቃል? ቆየት ብሎ ደግሞ ጨዋታ ሠሪዎች መጡ። ዳኝነቱ አሰልቺ ነው ብለው ጣሉት። ማጭዱን፣ ዛፉንና ነጭ ቀሚሱን አስቀሩ። ሲፈልግ ድብ ይሆናል ብለው ጨመሩበት።»

«ድብ ይሆን ነበር እንዴ?»

«እኔ እንጃ። ለጨዋታ ይመቻል።»

«ዘመዶቹ አይቆጡም ታዲያ?»

ጋሽ መርሻ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። «የሚቆጣ አልቀረም እኮ ልጄ። ለዚህ ነው የሚመቸው።»

ጥሩዓለም ገብታ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ስለ ድሩይድ ልትናገር የምትችለው ነገር አልነበራትም። ግን ቦኖውን አሰበች፤ ቧንቧው ሲያንኮራፋ፣ ሴቶቹ «ነገ ደግሞ ቀደም በይ» ብለው ሲስቁባት።

«እኛ አገር ድብ የለም» አለች።

ጆሮው ዝም አለ።

«እኛ አገር ሰው የሚሆነው ጅብ ነው።»

«ቀጥይ» አለ ጆሮው።

ጥሩዓለም ዱካዋን ወደ ጆሮው አስጠጋች። ከአባቷ አክስት፣ ከእማሆይ ስንዱ፣ በልጅነቷ የሰማችው ነገር ነበር፤ እማሆይ ታመው ሲቃዡ ይሁን ሲያወሩ ባልታወቀበት ጊዜ። ቡዳ የሚባል አለ ብለው ነበር። ሰውን በዓይኑ ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል። ቃሉ ከከተማው ከጠፋ ሁለት ትውልድ አልፎታል፤ ሕግ ከልክሎት ሳይሆን ሰው ረስቶት። ማን ማን ቡዳ እንደሚባልም እማሆይ አልነገሯትም። ጥሩዓለም ያለውን ሁሉ ዘረገፈችው።

«ምልክቱ?» አለ ጆሮው።

ቆም አለች። ምልክት አታውቅም። ዝም ብትል ደግሞ እሱም ዝም ሊል ነው። ዓይኗን ጨፈነች፤ በዓይነ ኅሊናዋ የመጣችላት ከቤቷ ቁልቁል የምትኖረው እትዬ ደብሬ ናት። ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ደብሬ፣ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ፣ በግራ ጆሮዋ አንድ የብር ጉትቻ ብቻ፣ ሌላኛው አፈር ስትቆፍር የጠፋባት።

«እጁ ጭቃ ነው» አለች ጥሩዓለም። «በግራ ጆሮው አንድ ጉትቻ አለው። ጅብ ሲሆንም ጉትቻው አይወልቅም።»

«ቀጥይ።»

«ጓሮው እሳት አይለየውም። ጭሱን ስታይ ታውቀዋለህ።»

«የተበላ ሰው በምን ይድናል?»

ይህን እማሆይ ነግረዋታል። «ከቡዳው ቀሚስ ቅዳጅ ቆርጦ መታጠን ነው።»

«ቀጥይ» አለ ጆሮው፣ ደግሞም «ቀጥይ»፣ ደግሞም። ጥሩዓለም ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ቀጠለች። ስትወጣ ጋሽ መርሻ ብድግ ብሎ በር ከፈተላት። የእትዬ ደብሬን ስም አልጠራችም። ይህንን በኋላ ለራሷ ደጋግማ ነግራዋለች።

አዲሱ ድሩይድ ሳምንት ሳይሞላው ወጣ። ነጭ ቀሚሱ ቀርቶ ጭቃ የነካው ጥበብ ለብሷል፣ ማጭዱን ጥሎ ጉትቻ አንጠልጥሏል፣ ኋላው ጅብ ይከተለዋል። ባሕር ማዶ ያለው ሕዝብ ተሻማበት አሉ። መደቡን የሚመርጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው ደግሞ የጥሩዓለምን ድምፅ ነው፤ «እኛ አገር ሰው የሚሆነው ጅብ ነው» ስትል። በየቋንቋው ቀይረውታል፣ ድምፁ ግን የሷው ነው። ከአናቷ በላይ «ቀራሚ» የሚለው ጠፍቶ «የድሩይድ አፍ» የሚል በወርቅማ ቀለም ወጣ። ቦኖ ላይ ከጦረኞቹ ፊት ተሰለፈች። እንስራዋ እስኪሞላ አላስቻላትም፤ ያንን ጉራዋን የነፋችው ያኔ ነው።

ከተራው መጨረሻ እማዋይሽ ቆማ ነበር፤ የእትዬ ደብሬ ልጅ፣ የጥሩዓለም ጓደኛ፣ አብረው ጭቃ አቡክተው ያደጉ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት እማዋይሽ፤ ከዚያ ወደ እንስራዋ አቀርቅራ የአፉን ጠርዝ በጣቷ መዳሰስ ጀመረች።

«ምነው ፊትሽን አጠቆርሽ? ቀናሽ እንዴ?» አለች ጥሩዓለም።

እማዋይሽ እንስራዋን አንሥታ ወደ ተራው ተጠጋች።

ቅዳሜ ገበያ ላይ እትዬ ደብሬ እንደ ሁልጊዜዋ ዕቃዋን ደርድራ ተቀምጣለች። ፕላስቲክ ከተከለከለ ወዲህ ሸክላ ሠሪ ሥራ አጥታ አታውቅም። ከአናቷ በላይ ግን በድሮ መደቧ ፈንታ አረንጓዴ ብርሃን በርቷል፤ «ድሩይድ» ይላል። እሷ አልመረጠችውም። መነጽሮቹ ጭቃውንና ጉትቻውን አይተው ነው የሰጧት።

መጀመሪያ የመጣችው ቆንጆ የለበሰች ሐኪም ናት። ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «እትዬ፣ ለጨዋታው ነው፤ አይቀየሙኝ» አለችና ከቦርሳዋ መቀስ አውጥታ ከቀሚሷ ጠርዝ ጣት የምታህል ቆረጠች። እትዬ ደብሬ ግራ ገብቷት ሳቀች። «ምን ልታደርጊበት ነው ልጄ?» አለች። ሴትዮዋ ቅዳጁን በመሐረብ ጠቅልላ፣ አመስግና ሄደች።

ቀጥሎ አንድ ጦረኛ መጣ። እሱም «ይቅርታ እናቴ» አለ። ከዚያ ባልና ሚስት። ከዚያ ልጆች፣ የትምህርት ቤት መቀስ ይዘው። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልገፋትም። በሥርዓት ተሰለፉ። ተራው የደረሰ ጎንበስ ይላል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይቆርጣል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የእትዬ ደብሬ ቀሚስ ጉልበቷ ጋ ደርሶ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች፤ ነጠላውንም ቆረጡት።

ዕቃዋን የገዛ ግን አልነበረም። ድሩይድ የነካው እንስራ ውኃ ያጎድላል ተብሏል። ይህን ጥሩዓለም አላወራችውም፤ ራሳቸው ናቸው የጨመሩት።

እትዬ ደብሬ በማግስቱ ጉትቻዋን አወለቀች። ብርሃኑ አልጠፋም። እጇን በአመድ ፈትጋ ታጠበች። ብርሃኑ አልጠፋም። ቀበሌ ሄደች። የቀበሌው ሰውዬ ትሑት ነው፣ ወንበር ሰጥቷታል።

«መደቡን እርስዎ አልመረጡትም» አላት። «ያልመረጡትን ደግሞ መተው አይችሉም። የመረጠ ሰው ነው የሚተወው።»

«ታዲያ ማን ይተውልኝ?»

«እሱን እንግዲህ እኛም እየጠየቅን ነው» አላትና እየተቅለሰለሰ በር ድረስ ሸኛት። በር ላይ «ይቅርታ እናቴ» ብሎ መቀሱን ከኪሱ አወጣ።

የባሰው የውኃው ነገር ነበር። በጨዋታው ሕግ ድሩይድ ከወንዝ ነው የሚጠጣው። የግራር ሜዳ ወንዝ ጥሩዓለም ሳትወለድ የደረቀ ነው። እትዬ ደብሬ ቦኖው ጋ ስትደርስ ቧንቧው ይዘጋል፤ ዞር ስትል ይከፈታል፤ እማዋይሽ ከተራው መጨረሻ ቆማ የምትቀዳው ደግሞ ለመጠጥ እንኳ አይበቃም። ውኃ የሌላት ሸክላ ሠሪ ምን ትሠራለች? አፈሩ ጓሮዋ ውስጥ ተከምሮ ተሰነጣጠቀ።

ጥሩዓለም ከሁሉ ቀድማ እየቀዳች ውኃውን ታመላልስላቸው ጀመር። «አየሽ እትዬ ደብሬ፣ የኔ ማዕረግ ለናንተም ተረፈ!» ትላለች በር ላይ። እትዬ ደብሬ «ተባረኪ ልጄ» ትላታለች። እማዋይሽ እንስራውን ተቀብላ ትገባለች፤ አንድም ቃል አትተነፍስም። ጥሩዓለም ይህ ዝምታ እየከበዳት መጣ። ግን የሠራችውን ማፍረስ አያቅተኝም ብላ ታስባለች፤ በአፍ የመጣ በአፍ ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ጆሮው ፊት ተቀመጠች።

«ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው» አለችው።

«ቀጥይ።»

«ጅብ የሚሆን ሰው የለም። እትዬ ደብሬ ድሩይድ አይደለችም። ሸክላ ሠሪ ናት! እናቷም ሸክላ ሠሪ፣ ልጇም ሸክላ ሠሪ። ሰፈሩ በሙሉ ሸክላ ሠሪ ነው። ማንንም በልተው አያውቁም!»

«ቀጥይ» አለ ጆሮው፣ ያን ቀን እንዳለው፣ በዚያው ድምፅ።

«ጭሱም የእቶን ጭስ ነው። ጉትቻዋም ጠፍቶባት ነው። በቃ፣ ጨርሻለሁ።»

ስትወጣ ደረቷን ነፍታ ነበር። ጋሽ መርሻን «አስተካከልኩት ጋሼ» አለችው። ጋሽ መርሻ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፤ መልሶ ከማጥለቁ በፊት አያት።

በማግስቱ ጥሩዓለምን የቀሰቀሳት የራሷ ድምፅ ነው። ከመንገዱ ነበር የሚመጣው፣ ከየቤቱ፣ ከየመነጽሩ። አዲስ ነገር ተጨምሯል ማለት ነው። «ድሩይድ ‹ሸክላ ሠሪ ነኝ› ይላል» ይላል ድምፁ። «እናቷም ሸክላ ሠሪ፣ ልጇም ሸክላ ሠሪ። ‹ማንንም በልተን አናውቅም› ይላሉ። ሰፈሩ በሙሉ!»

በባዶ እግሯ ወጣች። ከበሯ ላይ ሆና ቁልቁል ሸክላ ሰፈር ይታያል። ትናንት አንዲት አረንጓዴ ብርሃን ነበረች፣ በእትዬ ደብሬ ጣሪያ ላይ። አሁን ሰፈሩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል፤ በየቤቱ፣ በየሰዉ አናት ላይ፣ ጡት በሚጠባውም ላይ ሳይቀር።

ቦኖው ጋ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው ወደዚያው ያያሉ።

«አያቴም ቡዳ የሚሉት እነዚያን ነበር» አለ አንደኛው። «ሸክላ ሠሪዎቹን። ረስቼው ነበር እኮ!»

«ጨዋታው ያውቃል» አለ ሁለተኛው።

ከዚያ ወዲያ ሸክላ ሰፈር ብዙም አልቆየም። መቀሱ በገበያ ቀን ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ሰው ከሥራ ሲመለስ በዚያ በኩል ዞር ብሎ፣ በር አንኳኩቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ቆርጦ ይሄዳል። የደረቀ ልብስ ገመድ ላይ አይተርፍም። ጥሩዓለም ብቻዋን ለስንቱ ቤት ውኃ ትቀዳለች? ሞከረች። ትከሻዋ ቆሰለ፣ ሰፈሩ ግን ተጠማ። ሽማግሌዎቻቸው ተሰብስበው ከተራራው ማዶ እንሄዳለን አሉ። እዚያ መነጽር ያልደረሰበት ቆላ አለ ይባላል። አለ ከሚሉት ግን በዓይኑ ያየው የለም።

አንድ ጠዋት የጭነት መኪና መጣ። ጥሩዓለም ስትደርስ እማዋይሽ በአጭር ቀሚስ ቆማ እንስራዎቹን በጭድ እየጠቀለለች ለእናቷ ታቀብላለች። የሁሉም ቀሚስ አጭር ነበር፤ ጠርዙ በመቀስ የተበላ፣ የአሮጊቶቹም ሳይቀር።

«እማዋይ» አለች ጥሩዓለም። «እኔ እኮ ስማችሁን አልጠራሁም።»

እማዋይሽ ጭዱን አጥብቃ አሰረች። «ጉትቻውንስ?»

«እ?»

«ድምፅሽን የመጀመሪያውን ቀን ነው የሰማሁት። እናቴ ‹ተያት፣ ልጅ ናት፣ ወሬ ነው፣ ያልፋል› አለችኝ።» እንስራውን አንሥታ አቀበለች። «ዞር በይ፣ መንገድ ዘጋሽ።»

ጥሩዓለም ለእንስራው መንገድ ለቀቀች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ጋ ዝም ይላል። እሷ ግን ዝም ማለት አልፈጠረባትም። መነጽሯን ከዓይኗ መዥረጥ አድርጋ መሬት ላይ ጣለች፣ በተረከዟ ረገጠችው። ተሰበረ። አረንጓዴው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ የቀሩት የደከማቸው ሰዎች፣ ጭቃ የነካቸው እጆችና አቧራ ብቻ ናቸው። ሰማዩ እንዲህ ግራጫ መሆኑን አታውቅም ነበር።

በመኪናው ጎማ ተንጠላጥላ ወጣች፣ ጭዱ ላይ ቆመች።

«እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ!» ብላ ጮኸች። ሰው ዘወር ብሎ አያት። «ሰምታችኋል? ማዕረጌንም ቦኖዬንም ትቼዋለሁ! ቆላ ወርጄ፣ በየሄድንበት ቆሜ፣ እውነተኛውን ታሪካችሁን የምናገርላችሁ እኔ ነኝ! እኔ ከተናገርኩ ደግሞ የማይሰማ የለም፤ ዓለም በሙሉ ድምፄን ያውቀዋል! እናንተን የሚያድን አፍ ቢኖር የኔ ነው!»

ማንም አላጨበጨበም። እትዬ ደብሬ ከታች ሆና፣ በጭድ የተጠቀለለ እንስራ በደረቷ አቅፋ፣ ቀና ብላ አየቻት። «ልጄ» ትለኛለች ብላ ጥሩዓለም ጠበቀች።

«ውረጂ አንቺ» አለቻት እትዬ ደብሬ። «ቦታው የእንስራ ነው።»